ከደባርቂ የተመለሰው ቁስለኛ

ከጎንደር ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ ደንቢያንና ጭልጋን አልፎ ወደ ቆላው ሲገባ፥ የደጋው ብርድ ይቀርና ጥቁሩ መሬትና የግራሩ ዱር ይጀምራል። መንገዱ መተማ ደርሶ ድንበሩን ይሻገራል፤ ከድንበሩ ማዶ ገላባት፥ ከገላባትም ወዲያ ገዳሪፍ ትገኛለች። ገዳሪፍ በቀድሞው ዘመን ሱቅ አቡ ሲን እየተባለች ትጠራ ነበር፤ የሹክሪያ ዐረቦች አለቆች የነበሩት የአቡ ሲን ቤተ ሰቦች ገበያ ነበረችና። የደጋው ቡና፥ ማር፥ ሰምና በቅሎ በዚህ መንገድ ይወርድ ነበር። እግዚአብሔር በመልኩ የፈጠረው የሰው ልጅም እንደ ከብት እየተነዳ በዚሁ መንገድ ይሸጥ ነበር። ዛሬም ከጎንደርና ከጎጃም ብዙ ወጣቶች ለሰሊጥና ለማሽላ አጨዳ ወደዚህ ቆላ ይወርዳሉ፤ አንዳንዶቹ ገንዘብ ይዘው ይመለሳሉ፥ አንዳንዶቹም በወባ ወይም በአደጋ ተጎድተው ሌላው ሰው ደግፏቸው ይመለሳሉ።

እኛ ዛሬ የምንጽፈው ከዚህ ቆላ ቆስሎና ተዋርዶ ስለ ተመለሰ አንድ ሰው ነው። የኋላ ስሙን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ነገር ግን ሰዎች ስለ እርሱ ሲናገሩ ወይ ዘውድ የጫነበትን ቀን ወይ በመቅደላ የሞተበትን ቀን ያነሣሉ እንጂ፥ ቆስሎ በአልጋ ላይ የተኛበትን ወራት የሚያነሣ ጥቂት ነው። ለእኛ ግን የሰውየው ነገር ከዚያ አልጋ የተጀመረ መስሎ ይታየናል።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ኃይለ ጊዮርጊስ ከባላባት ወገን ነበር፤ ነገር ግን ልጁ ሳያድግ ሞተ፥ ርስቱንም ዘመዶች ተካፈሉት። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ልጅዋን ይዛ ወደ ጎንደር መጣች፤ በዚያም ከድኽነት የተነሣ ኮሶ ትሸጥ ነበር እየተባለ ሲነገር ኖሯል። ይህን ያወሩት ይበልጡን ጠላቶቹ ስለ ነበሩ ምን ያህሉ እውነት፥ ምን ያህሉ ስድብ እንደ ሆነ መለየት ያስቸግራል። እኛ ግን ነገሩ እውነት ቢሆን ነውር የሚሆነው በእናቲቱ ላይ አይመስለንም። ባልዋ የሞተባት፥ ርስትዋም የተወሰደባት ሴት ልጅዋን ለማሳደግ ኮሶ ብትሸጥ፥ እጅዋን አጣጥፋ ከመለመን ይሻላታል። በዚያ ዘመን ግን ሥራ ክብር አልነበረውም፤ የኮሶ ሻጭ ልጅ የሚለው ቃል እስከ ዙፋኑ ድረስ ተከተለው።

ብላቴናው ፊደልና ዳዊት እንዲማር ጨንከር ተክለ ሃይማኖት ወደሚባለው ገዳም ተሰጠ። ያ ዘመን መኳንንቱ እርስ በርሳቸው የሚዋጉበት፥ ንጉሠ ነገሥቱም በጎንደር በስም ብቻ የሚቀመጥበት፥ እኛ ዘመነ መሳፍንት የምንለው ነው። አንድ ቀን የተሸነፈ ሠራዊት መጥቶ በገዳሙ ላይ ወደቀ፤ በዚያም የነበሩትን ልጆች ጨፈጨፋቸው፥ ሰለባቸውም ይባላል። ካሣ ከዚያ አምልጦ ወደ ዘመዱ ወደ ደጃዝማች ክንፉ ሄደ። እንግዲህ ይህ ልጅ ገና ጺሙ ሳይበቅል የሰው አካል እንዴት እንደሚጎድል በዐይኑ ዐይቶ ነበር። ይህን አንባቢዎቻችን በልባቸው ያኑሩት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ደጃዝማች ክንፉ በ1829 ዓ.ም. በድንበሩ አጠገብ የግብፅን ሠራዊት ድል ያደረገ ሰው ነበር። በዚያን ጊዜ ሱዳን በግብፁ መሐመድ ዓሊ እጅ ነበረች፤ የእኛ ሰዎችም እነዚያን ወታደሮች ሁሉ ቱርክ እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ክንፉ ከሞተ በኋላ አገሩ ለራስ ዓሊ እናት ለእቴጌ መነን ተሰጠ። ካሣም የሚያስጠጋው ወገንና የሚበላው ርስት ስላጣ በቋራ በረሃ ሸፈተ። በዚያ በረሃ ሳለ ከዝርፊያው ይልቅ እኛን የሚያስደንቅ አንድ ሥራ ሠርቷል። የዜና መዋዕሉ ጸሐፊ ደብተራ ዘነብ እንደሚነግረን፥ በቋራ ረኃብ በገባ ጊዜ ካሣ ከዘረፋ ያገኘውን ገንዘብ ለገበሬዎች አካፈለ፥ መቆፈሪያም እንዲገዙበት አደረገ፤ እርሱና ወታደሮቹም ዱሩን መንጥረው አብረው ዘሩ። ሽፍታ ከገበሬ እንደሚቀማ ሁሉም ያውቃል፤ ሽፍታ ከገበሬ ጋር ሲቆፍር ግን በታሪካችን ብዙ ጊዜ አልተሰማም።

እቴጌ መነን እርሱን እንዲይዝ የላኩት ደጃዝማች ወንድይራድ ያንን የኮሶ ሻጭ ልጅ አስሬ አመጣዋለሁ ብሎ ፎክሮ ነበር ይባላል። በውጊያው ግን የተያዘው ወንድይራድ ሆነ፤ ካሣም ለእራቱ ኮሶ አስቀርቦ አጠጣው። ይህን ታሪክ ሽማግሌዎች እየሳቁ ይነግሩታል። እኛ ግን ስንሰማው ሳቃችን ከግማሽ ላይ ይቀራል፤ ስድብን የማይረሳ ልብ እዚህ ላይ ይታያልና። በሰኔ 1839 ዓ.ም. ካሣ እቴጌ መነንን ራሳቸውን ማረካቸው፥ በዕርቅም ሲለቃቸው የደንቢያ ግዛት ተሰጠው። የራስ ዓሊን ልጅ ወይዘሮ ተዋበችንም አገባ። ስለ ተዋበች በዚህ አጭር ጽሑፍ ብዙ ለማለት አንችልም፤ ነገር ግን በአባትዋና በባልዋ መካከል ጦር በተነሣ ጊዜ ከባልዋ ጋር እንደ ቆመች ወዳጅም ጠላትም ይመሰክራል።

ከዚህ በኋላ ካሣ ፊቱን ወደ ሱዳን መለሰ። በመጋቢት 1840 ዓ.ም. ብዙ ሠራዊት ይዞ ከመተማ ወዲያ ወረደ። የሠራዊቱ ቁጥር ወደ 16,000 ይገመታል። በደባርቂ የጠበቀው የግብፅ ጦር ግን 800 ያህል ብቻ ነበር፤ ሆኖም በእሾህ አጥር ተመሽጎ ሁለት መድፍ ይዞ ነበር። የካሣ ሰዎች በጎራዴና በጦር፥ በፈረስና በጀግንነት የሚያምኑ ነበሩ፤ ከፊት የቀደመ ከበረ፥ ከኋላ የቀረ ተዋረደ በሚባልበት ልማድ ያደጉ ነበሩ። ወደ እሾሁ አጥር እየሮጡ ደረሱ። መድፉ ተተኮሰ። በሰልፍ የቆሙት ወታደሮች በአንድ ትእዛዝ ተኮሱ፥ ጥይት እስኪያጎርሱም ሌሎቹ በተራቸው ተኮሱ። ጀግናውም ፈሪውም በአጥሩ ሥር ተከማችቶ ወደቀ፤ የተረፈው በዚያ ውኃ በሌለበት ቆላ ተበትኖ ወደ ደጋው ሸሸ።

ካሣም በዚህ ዘመቻ በጥይት ቆሰለ፤ በሥጋው ውስጥ የቀረውን ጥይት ሳያስወጣም ወደ አገሩ ተመለሰ። ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈውን በዚያ ዘመን ወደ አገራችን የመጡ የውጭ አገር ሰዎች ሰምተው በመጽሐፋቸው አኑረውታል፥ በጎንደርም ሲነገር ኖሯል። ጥይቱን የሚያወጣው ወጌሻ ዋጋው አንድ ላም እንዲሆን ጠየቀ። ካሣ በዚያ ሰዓት ላም አልነበረውም። ሠራዊቱ አልቆ ነበር፥ ወዳጅ የነበረውም የተሸነፈን ሰው ቤት መርገጥ ትቶ ነበር። ስለዚህ ወደ ሚስቱ አያት ወደ እቴጌ መነን ላከ። እቴጌይቱም ላም መስደዱን ትተው አንድ የሥጋ ብልት ብቻ ላኩለት።

አንባቢዎቻችን የዚህን ነገር ክብደት ሳይረዱት አይቀሩም። በአገራችን ሥጋ ምግብ ብቻ አይደለም። በግብር ላይ የእያንዳንዱ ብልት ባለቤት የታወቀ ነው፤ ለመኳንንቱ የሚቀርበው ለአሽከር አይቀርብም፥ ለአሽከር የሚጣለውም ለመኳንንቱ አይቀርብም። ሰው ምን ያህል እንደ ተከበረ ወይም እንደ ተናቀ በቃል ሳይነገረው ከሚቀርብለት ብልት ያውቀዋል። ለደጃዝማች፥ ያውም ለልጅ ልጅ ባል፥ ቆስሎ በተኛበት ቤት ለተራ ወታደር የሚሰጠውን ያህል ሥጋ መላክ፥ ከእንግዲህ ሰው አይደለህም ማለት ነበር። ከካሣም ይልቅ የተቈጣችው ተዋበች ነበረች ይባላል፤ ይህን ስድብ ተቀብሎ ዝም ከሚል ባል ጋር መኖር እንደማትፈልግ ነገረችው።

ይህን ስናነብ ሁለቱ እግሮቹ ሽባ የሆኑት የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ ትዝ ይለናል። እርሱም የወደቀ ቤት ልጅ ነበር፥ ዳዊት ግን አስጠርቶ በማዕዱ አጠገብ አስቀመጠው፥ የአያቱንም እርሻ መለሰለት። በካሣ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልሆነም። ከቤተ መንግሥት የመጣለት መናቅ ብቻ ነበር፤ ከመኝታው ያነሣውም ቍጣ ነበር። ቍጣ ሰውን ከአልጋ ለማንሣት ኃይል እንዳለው አንክድም።

ቁስሉ ዳነ። ወጌሻው ዋጋውን እንዴት እንዳገኘ የሚነግረን የለም፤ ጥይቱ ግን ወጣ። ካሣም ሥራውን እንደ ገና ጀመረ። ከሁሉ በፊት ያደረገው ነገር ያሸነፉትን መመርመር ነበር፤ ለእኛም በሕይወቱ ውስጥ ካለው ሁሉ ይህ ይበልጥብናል። ሌላ ሰው ቢሆን ሽንፈቱን በከዳተኛ፥ በሟርተኛ ወይም በክፉ ቀን ያመካኝ ነበር። እርሱ ግን 800 ሰዎች ያንን ሁሉ ሠራዊት ያሸነፉት በመድፍና በሥርዓት እንደ ሆነ ተረዳ። ስለዚህ ከግብፅ ሠራዊት ከድተው ወይም ተማርከው የመጡትን ሰዎች አስፈልጎ ወታደሮቹን ሰልፍ እንዲያስተምሩ አደረገ። ጦርና ጋሻ ይዞ እንደ ልቡ መሮጥ የለመደውን የቋራን ሰው በመስመር አቁሞ በአንድ ቃል ወደ ቀኝ፥ በአንድ ቃል ወደ ግራ ማዞር ምን ያህል ሳቅና ስንት ጠብ እንዳስነሣ መገመት አያዳግትም። ካሣ ግን በዚያው ጸና። ቱርክን እስኪሞት ይጠላ ነበር፤ ከሚጠላው ሰው ግን ለመማር አላፈረም።

ከራስ ዓሊ ጋር ለጥቂት ዓመታት ታርቆ ቆየ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ ስለሚያውቀው በአጭሩ እናልፈዋለን። በኅዳር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን ድል አደረገ፥ ጎሹም በዚያ ሞተ። በሰኔ 23 ቀን 1845 ዓ.ም. በአይሻል ራስ ዓሊን ራሱን አሸነፈ። በየካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. በደረስጌ የሰሜኑን ደጃዝማች ውቤን ማረከ፥ ከሁለት ቀንም በኋላ በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ከዚያ የሥጋ ብልት እስከዚህ ዘውድ 7 ዓመት ያህል ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ በኋላ ያስነገሩት ዐዋጅ እያንዳንዱ ሰው ወደ አባቱ ሥራ እንዲመለስ የሚያዝዝ ነበር። ገበሬው ወደ እርሻው፥ ነጋዴው ወደ ንግዱ ይመለስ ተባለ። በዘመነ መሳፍንት ብዙው ሰው ሥራውን ትቶ ጦር አንሥቶ ነበርና፥ ወታደሩም የገበሬውን ጎተራ እየገለበጠ ይበላ ነበርና፥ ይህ ዐዋጅ ለድኻው ትልቅ ነገር ነበር። በመተማ መንገድ የሚነዳው የባሪያ ንግድም እንዲቀር አዘዙ። ወታደሩ በገበሬው ቤት ተሰሪ ሆኖ ከሚበላ ይልቅ ደመወዝ እንዲቀበል ደክመዋል፤ ሳይፈጸም ቀረ እንጂ አሳቡ መልካም ነበር።

ስለዚህ ዐዋጅ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። በዘረፋ የታወቁ የአንድ አገር ሰዎች ከነመሣሪያቸው መጥተው ንጉሡ ዐዋጃቸውን እንዲያጸኑላቸው ለመኑ። የአባታችሁ ሥራ ምንድር ነው ተብለው ቢጠየቁ፥ ዘረፋ እንደ ሆነ መለሱ። ንጉሡም መሬትና በሬ እንስጣችሁና እረሱ ቢሏቸው እንቢ አሉ። እርሳቸውም እንደ ቃላችሁ ይሁን ብለው ከሸኟቸው በኋላ፥ የእነርሱም ፈረሰኞች የአባት ሥራ ዘራፊን መግደል ነው ብለው ሰደዱባቸው፥ በመንገድም ፈጇቸው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ የንጉሡን ብልሃት ያደንቃል። እኛ ደግሞ መሬትና በሬ ሊሰጡ የተዘረጉት እጆች በዚያው ቀን ምን እንደ ሠሩ እንመለከታለን። በዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወት እነዚህ ሁለት ነገሮች አንዱ ከሌላው ተለይቶ አያውቅም።

በዚህ ጊዜ የእኛም ወገኖች ወደዚህ ታሪክ ይገባሉ። በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ ቅዱስ ክሪሾና የሚባል የሚስዮናውያን ትምህርት ቤት ነበረ፤ ከዚያ የሚወጡት ወንጌልን ከእጅ ሥራ ጋር የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ክራፕፍና ፍላድ በ1847 ዓ.ም. መጥተው ከንጉሡ ጋር ከተነጋገሩ በኋላ፥ ፍላድ፥ ቤንደር፥ ኪንስለንና ማየር፥ በኋላም ዋልድማየርና ሳልሙለር መጡ። ንጉሡ ሰባኪ ከመቀበል ይልቅ ባለ እጅ ለመቀበል ይፈቅዱ ነበር። እነዚህ ሰዎች በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ተቀመጡ።

በአገራችን ባለ እጅ የሚለው ስም የክብር ስም አልነበረም። ብረት የሚቀጠቅጠው፥ ቆዳ የሚፍቀው፥ ሸክላ የምትሠራው ሁሉ ቡዳ እየተባሉ ከሰው ተለይተው ይኖሩ ነበር፤ ይህ ነውር በየመንደራችን ፈጽሞ ጠፋ ለማለትም አንደፍርም። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ባለ እጆችን እንደ ልጆቻቸው ያቀርቧቸው፥ ስማቸውን እየጠሩ ያጫውቷቸው፥ ልብስና በቅሎም ይሸልሟቸው ነበር። የኮሶ ሻጭ ልጅ ተብሎ የተሰደበ ሰው የእጅ ሥራን ቢያከብር አያስደንቅም። ነገር ግን ከእነዚህ እጆች የፈለጉት ማረሻ አልነበረም። ከደባርቂ ጀምሮ በልባቸው የቀረው መድፍ ነበር። ሚስዮናውያኑ መድፍ መሥራት እንደማያውቁ ቢናገሩም ተገደዱ፤ ብዙ ጊዜም ብረቱ ሳይቀልጥ፥ ምድጃው እየፈረሰ ከተቸገሩ በኋላ ሆነላቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ሴባስቶፖል የተባለው ሲሆን ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው። ወንጌልን ሊያስተምሩ የመጡ ሰዎች የጦር መሣሪያ ሠሪዎች መሆናቸው ለእኛ ለወንጌል አገልጋዮች ቀላል ነገር አይደለም። በእነርሱ ላይ ግን አንፈርድም፤ በንጉሥ እጅ የነበሩ፥ ሚስትና ልጆችም የነበሯቸው ሰዎች ናቸው።

ደግነቱና ጭካኔው እስከ 1850 ዓ.ም. ድረስ እንደ ተመዛዘነ ኖረ። በዚያ ዓመት እቴጌ ተዋበች ሞተች። በ1852 ዓ.ም. የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን በጎንደር አጠገብ በሽፍቶች ቆስሎ ሞተ፤ ከጥቂት ወራትም በኋላ ወዳጃቸው ጆን ቤል ንጉሡን ለማዳን ሲዋጋ ተገደለ። ቍጣቸውን የሚያበርዱላቸው ሰዎች በሁለት ዓመት ውስጥ አለቁ። በየአገሩ የተነሣው ዐመፅም እንደ ሰደድ እሳት ሆነ፤ በአንዱ በኩል ሲጠፋ በሌላው ይነሣል። ከዚያ ወዲህ ንጉሡ በዐመፀኞች ላይ የሚፈርዱት ፍርድ እጅና እግር መቍረጥ ሆነ። በ1853 ዓ.ም. በትግሬ የተያዘው አገው ንጉሤ እጁንና እግሩን ተቈርጦ በዚያው ሞተ። ስማቸው ያልተጻፈ ስንት ገበሬዎችና ወታደሮች ይህን ፍርድ ተቀብለዋል።

ስለ ነገሥታት የሚጻፉት መጻሕፍት እጅና እግር ተቈረጠ ብለው ወደሚቀጥለው ዘመቻ ያልፋሉ። እኛ ግን እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት እንፈልጋለን። ገበሬ በአንድ እጁ እርፍ ይዞ በሌላው ጅራፍ ያነሣል። ቀኝ እጁ ከተቈረጠ እርፉን ማን ይይዝለታል? በሬዎቹ ይሸጣሉ፥ መሬቱን ሌላ ያርሰዋል፥ እርሱም ወደ ቤተ ክርስቲያን በር ይወርዳል። ሚስቱ ጥጥ ትፈትላለች፥ ወይም እንደ ወይዘሮ አትጠገብ ኮሶ ትሸጣለች። ልጆቹ የቈራጣው ልጆች ይባላሉ። የካሣ ቁስል ሊድን የሚችል ነበር፤ ወጌሻውም አንድ ላም ብቻ ጠየቀ። ለእነዚህ ግን በሺህ ላም የሚመለስ እጅ አልነበረም። ከምእመናኖቻችን መካከል በእርሻ መኪና እጃቸውን ያጡ፥ ከቆላ ሥራ በክራንች የተመለሱ አሉ፤ እነርሱ ይህን ክፍል ከእኛ በተሻለ ይረዱታል። ቆስሎ የተኛ፥ በድኽነቱም የተናቀ ሰው ሌላውን ሰው ለዘለዓለም እንዲያ አድርጎ ሲጥል፥ ከራሱ አልጋ ያስታወሰው ስድቡን ብቻ ነበር ወይ? ደብተራ ዘነብም ሌሎቹም ጸሐፊዎች ለዚህ መልስ አልሰጡንም። በጨንከር የተጨፈጨፉት ልጆችም በልቡ አልነበሩም ለማለት ያስቸግረናል፤ እንዲያውም እነርሱን አብዝቶ በማሰብ ይሆናል እንዲህ የሆነው።

በመጨረሻው ዘመን ግዛታቸው ከደብረ ታቦር ዙሪያና ከመቅደላ አላልፍ አለ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር በእጃቸው ተዘርፋ ተቃጠለች። የታሰሩትን የእንግሊዝ ሰዎች ለማስፈታት የተላከው ራሳም ቀደም ብሎ በ1858 ዓ.ም. መጀመሪያ በከሰላና በመተማ በኩል ገብቶ ነበር፤ ካሣ በወጣትነቱ በወረደበት በዚያው ቆላ መንገድ ማለት ነው። እርሱም በተራው ታሰረ። ከዚህም የተነሣ የእንግሊዝ ጦር በዙላ በኩል መጣ።

በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሴባስቶፖልንና ሌሎቹን መድፎች በሠረገላ አስጭነው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተነሡ። በዚያ አገር ለሠረገላ የሚሆን መንገድ አልነበረም፤ ስለዚህ መንገዱ እየተሠራ መድፉ እየተጐተተ 6 ወር ያህል ሆነ። ገደሉ ተናደ፥ ድንጋዩ ተፈለጠ። ያዩት ሰዎች እንደሚመሰክሩት፥ ከማለዳ ጀምሮ ድንጋይ የሚያነሣው፥ አፈር የሚጠርገው ፊተኛ ሠራተኛ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ። መኳንንት በቅሎ ላይ ተቀምጠው በሚያዝዙበት አገር ንጉሥ ድንጋይ ሲሸከም ታየ። በቋራ ዱር ከገበሬዎች ጋር የቆፈረው ወጣት በዚህ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ እንደ ገና ተገለጠ ብንል ማጋነን አይመስለንም። እነዚያው እጆች በሚያዝያ መጀመሪያ በመቅደላ አምባ ላይ ብዙ እስረኞችን ከገደል አስጣሉ። በአሮጌ የተደረገውን ውጊያ እንግሊዞች አሸነፉ፤ እስረኞቹ አውሮፓውያን ተለቀቁ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ጦሩ ወደ አምባው ሲወጣ ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። በደባርቂ የተጀመረውን ጥማት ያረካል የተባለው ሴባስቶፖል ለዚያ ቀን አልጠቀመም፤ እስከ ዛሬም በመቅደላ ተኝቶ ይገኛል።

የጋፋት ባለ እጆች ከእንግሊዝ ሠራዊት ጋር ከአገር ወጡ። ዋልድማየር የጆን ቤልን ልጅ አግብቶ ነበርና ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ፥ የ10 ዓመት ሥራውን በጋፋት ትቶ ወደ ሊባኖስ ሄደ። በዚያም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1873 በብሩማና ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1896ም በቤይሩት አጠገብ በዐስፉሪየ ለአእምሮ ሕመምተኞች ሆስፒታል መሠረተ፤ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በዚያ አገር እነዚህ ሕመምተኞች በዋሻና በየገዳሙ በሰንሰለት ይታሰሩ ነበር። በመቅደላ ብዙ ሰንሰለት ያየ ሰው ነበር።